ጠግበናል፣ ተመስገን

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ 77 ዓ.ም.፤ ከቀትር በኋላ

ዛሬም ማስተርጎም። ደብተሬ፣ ኩራ! ድሮ እዚሁ ሱዳን፣ ዶካ ሰሊጥ ሳጭድ የለቀምኳት ዐረብኛ በስተርጅና ሥራ አስገኘችልኝ። ሰልማ የካርቱም ተማሪ ናት፤ የስደተኛ ካምፑን ሰው አበላል ታጠናለች። ሐጅ ትለኛለች፣ እኔን ክርስቲያኑን! የተሳለምኩት እስከ ዶካ ብቻ ነው ብላት ሳቀች።

ጥያቄዋ፦ ትናንት ምን በላችሁ? ለተቸገረ ቤት ተጨማሪ የዱራ ማሽላ ታስፈቅዳለች። መልሱ በየድንኳኑ አንድ ነው፤ ጠግበናል፣ ተመስገን። እንግዳ ፊት ራበኝ ይባላል እንዴ? ወ/ሮ ጥሩነሽማ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ እንግዳዋ ሳትቀምስ አትሄድም ብላ ተሟገተች። ምኑን ልታቀምሳት!

ዐርብ፣ ኅዳር 14

ሰልማ ተቆጣች። ሰዉ አጥንቱ ወጥቷል፣ ወረቀቷ ላይ ግን ሁሉም ጠግቧል። አጣመህ ተረጎምክ አለችኝ። ያሉትን ነው ያልኩት! ግን ያሉትን ማለት እውነቱን ማለት ነው? ሲከነክነኝ ዋለ። ነውር መሆኑን አስረዳኋት። የእሷም አያት እንዲሁ እንደሆኑ ነገረችኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 17፤ ማምሻ

ጾሙ ገብቷል። እኛ ቤት እንኳ ቀድሞ ነው የገባው።

ሰልማ ጥያቄዋን ለወጠች፦ ጎረቤትሽ ምን በላች? ጉድ ፈላ! የራሱን የደበቀ ሁሉ የጎረቤቱን ረሃብ ዘረገፈው። እኔም እየሳቅሁ፣ እየተረብሁ ተረጎምኩ።

ከዚያ ለተብርሃን የምትባለው ዘንድ ደረስን። ከትግራይ የመጣች ጎረቤቴ ናት፤ ትግርኛዋን እሰማለሁ። በእኔው ቤት ጀመረች። የሽማግሌው ምድጃ እሳት ካየ ሰንብቷል። ልጁ መንገድ ላይ ቀርቶበት ምራቱን ይዞ ነው የመጣው፤ የእሷም ጡት ደርቋል። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንዳይሰማ ደጅ ወጥቶ ጮክ ብሎ ይቀልዳል።

ምን አለች፣ ሐጅ?

ጠግበዋል አለች፣ አልኩ።

ሰልማ ጻፈች።

ማክሰኞ፣ ማለዳ

ምራቴ ሕፃኑን ባዶ ጡት አጉርሳዋለች፤ ቀና ብላ አታየኝም። ጎረቤቴ ለተብርሃን የትናንቱን ነግራታለች መሰል፣ ዱራው መቼ ይመጣል ብላ ምራቴ ጠየቀችኝ። ደብተሬን ይዤ ደጅ ወጣሁ። እኔ፣ ለሁሉ መልስ ያለኝ!

ጂዓን ነው በዐረብኛ። ስለ ሰው ትናንት ስንቴ አልኩት፣ ምላሴን አልከበደውም። አሁን ለብቻዬ እንኳ በሹክሹክታ ነው የምለማመደው። ጂዓን። ርቦኛል።

የመኪናዋ አቧራ ታየ። ሐጅ ስትለኝ ዛሬ አልቀልድም። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በዐረብኛ፣ ርቦኛል እላታለሁ።