በአበባው ላይ የተጻፈው ማዕረግ

እህታችን በ1949 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከቤት እመቤቷ እናታቸው ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ግንበኛው። ቤተሰቡ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ያዘዘኝ ታላቅ በመሆኔ እንጂ በትምህርቴ አይደለም። በትምህርት እሳቸው ይበልጡኛል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰዋል። በልጅነታቸው ከአባታችን የስፌት መኪና ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀሙ በየቀለሙ ይደረድሩ ነበር።

በ1969 ዓ.ም. መሃል ከተማ ባለው ባለ አራት ፎቅ መደብር፣ በአንሶላና መጋረጃ ክፍል፣ በሻጭነት ተቀጠሩ። በ2009 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከዚያ ክፍል አልተነሱም። በዚያ መደብር ሻጭ መቀመጥ አይፈቀድለትም። ወንበር ያለው ከቢሮው መስታወት ጀርባ ነው፤ የሚቀመጥበትም የክፍሉ ኃላፊ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር አግብተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ወለዱ። ባለቤታቸው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ አረፉ። እህታችን ሁለቱንም ብቻቸውን አሳደጉ።

ያ የኃላፊ ወንበር ክፍት በሆነ ቁጥር አዲስ ሰው ይመጣል። ሁሉም ወንዶች ነበሩ። እህታችን የአንሶላ አስተጣጠፉን፣ የመጋረጃ ልኩን፣ ነዝናዛ ገዢ እንዴት እንደሚያዝ ያሳዩታል። ሲለምድ አለቃቸው ይሆናል። ደመወዙ ግን ሳይለምድም ከሳቸው ይበልጥ ነበር።

ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ የመደብሩን ሥራ አስኪያጅ ጠይቀዋል። «እሱ እኮ ልጆች የሚያሳድግ አባወራ ነው» አሏቸው። «እኔስ?» ቢሉ፣ «አንቺማ ልጆች አሉሽ፣ የኃላፊነት ሥራ አይመችሽም» ተባሉ። ልጅ ለአንዱ ደመወዝ ሲያስጨምር ለሌላዋ ሹመት እንዴት እንደሚያስከለክል እሳቸውም አልገባቸውም፣ እኔም ደጋግሜ አስቤው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሥራ አስኪያጁ ሊያባብሏቸው፣ «አንቺ የክፍሉ ምሰሶ ነሽ፤ ምሰሶ ደግሞ ከቦታው አይነሳም» ብለው ነበር። እህታችን «ጣሪያው ግን ቶሎ ቶሎ ይቀየራል» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ አልሳቅኩም።

«ታዲያ ለምን ታስተምሪያቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ካላስተማርኳቸው የገዢው ስድብ ለኔ ነው» አሉኝ። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

በማግስቱ ከመደብሩ አበባ መጣ። በጥብጣቡ ላይ «ለውድ የክፍል ኃላፊያችን» ይላል። ቤት የተሳሳቱ መሰለኝ። ወንድ ልጃቸው «ይጻፍላት፤ ይገባት ነበር» አለ። ሴት ልጃቸው «ይገባት ነበር፤ ግን እኮ አልሰጧትም» አለችው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደ እኔ አዩ።

እሳቸው ካስተማሯቸው አንዱ፣ ዛሬ በመደብሩ ትልቅ ሰው የሆነው፣ ለማጽናናት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ አበባው ጠየቅሁት።

«አባባ፣ እኛ ሁሌም እንደ ኃላፊያችን ነው የምናያቸው» አለኝ።

«ያኔ ወንበሩ ላይ ማን ነበር የተቀመጠው?»

«እኔ» አለ።

ሰውዬው ክፉ አይደለም። ያለቀሰውም ከልቡ ነው። ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው።

ኃላፊ ነበሩ ብዬ ብጽፍ፣ ያልሰጧቸውን እንደሰጧቸው መመስከር ይሆንብኛል። ሻጭ ነበሩ ብዬ ብተወው፣ ሲሠሩት የኖሩትን መካድ ይሆንብኛል። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ የጻፍኩት ይህን ነው፦ እህታችን የኃላፊ ሥራ ሠርተዋል፤ የተከፈላቸው ግን የሻጭ ነው። ተሳስቼ እንደሆነ፣ ከመደብሩ የመጣችሁ ወገኖች የተሾሙበትን ቀን ንገሩኝ፤ ጨምሬ እጽፈዋለሁ።

እህታችን ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። ሴት ልጃቸው ዛሬ በዚያው ክፍል ሻጭ ናት። በዚህ ወር አዲስ ሰው እያስተማረች ነው። የሷን ማዕረግ ከአበባ ጋር አትላኩልን።

እህታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ሠርተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያስቀምጥልን።