ከል የምትፈራው ሙራ

ለውድ እህቴ ለዶምኒካ፣

ይህን ሁሉ አገር ተሻግሮ ሰላምታዬ እጅሽ ላይ ይረፍ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የምታስታምሚያቸውን አሮጊት ሲኞራ አዳልጂዛን ስታነሺ ስታስተኚ አሁንም ይይዝሻል ወይስ ያዘዙልሽ ቀበቶ ረዳሽ? ባልሽን ሳቢንን ሳሉ ለቀቀው? ልጅሽ ራሉካስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች፣ አሁንም ምሳዋን የምትበላው መጽሐፍ ገልጣ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ጉልበቴ ይነዘንዘኛል እንጂ ሌላ የምከሰው ሕመም የለኝም። ወይኑ ተለቅሞ ተጨምቋል። የፕሪም ማርማላታውም በየጠርሙሱ ታሽጓል፤ ስድስቱ ያንቺ ናቸው።

ዶምኒካዬ፣ ፖስታው ውስጥ በነጭ ጨርቅ የጠቀለልኩት ትንሽ ነገር አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትፈቺው እለምንሻለሁ። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማርማላታ አወራሁ። ድምፅሽን ስሰማ ወኔዬ ይከዳኛል። አንድ ወር ሙሉ እንደ ደነገጥኩ ነኝ፤ በጥፊ የተመታ ሰው ጉንጩን ይዞ ደርቆ እንደሚቀር፣ እንዲያ ሆኜ ነው የከረምኩት።

ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የውሾች መጠለያ እንደምረዳ ታውቂያለሽ። ኃላፊዋ ኮርነሊያ የሟቹ የመምህር አንድሮኔ ልጅ ናት፤ ስትናገር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ስታለቅስ ግን ማንም አይሰማትም። ማንበብ እንደምወድ ስታውቅ የሰጠችኝ ሥራ ለፈሪዎቹ ውሾች ማንበብ ነው። አትሳቂ። ፈሪ ውሻ ፊት ለፊት ከተመለከትሽው ይሸሻል፤ እጅሽን ከዘረጋሽለት ይብስበታል። ስለዚህ ከሽቦው አጥር ውስጥ ገብቼ፣ በርጩማ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጥና በማይለዋወጥ ድምፅ አነባለሁ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አንድ ቁራጭ የተቀቀለ የዶሮ ጉበት ወደ ኋላዬ እጥላለሁ። ቀን በቀን ቁራጩን ወደ እኔ አቀርበዋለሁ፤ ውሻውም አብሮት ይቀርባል። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የቀረውን ንባብ አንቺ ትተሽው በሄድሽው መጻሕፍት ላይ እየተንተባተብኩ የለመድኩ ሴት፣ በስተርጅና አድማጭ አገኘሁ። መዝሙረ ዳዊትም አነብላቸዋለሁ፣ የዘር መዝሪያ ቀን መቁጠሪያም አነብላቸዋለሁ፤ ከሁሉ የሚወዱት ግን የባለቤቴን የቶአደርን የንብ እርባታ መጽሐፍ ነው። ኮርነሊያ፣ «እትዬ ሳቬታ፣ እነዚህ ውሾች እኮ ከዚህ ሲወጡ ቀፎ ካልገዛችሁልን ነው የሚሉን!» ትለኛለች። በዚህ ዓይነት ሦስቱ ድፍረት አግኝተው ቤት ገብተዋል። አንዱ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ነው፤ ሳልፍ ያውቀኛል።

ሙራ ግን እምቢ አለች። በግንቦት ከአውራ ጎዳናው ዳር የተገኘች፣ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ፀጉሯ እንደ በሰለ ጥቁር የዱር እንጆሪ ስለ ጠቆረ በእንጆሪው ስም ሙራ አልናት። አምስት ወር አነበብኩላት፤ አምስት ወር ሙሉ ከተጋደመው በርሜሏ አልወጣችም። እኔ ስገባ ትሸናለች፤ ጉበቱን የምትለቅመው ከወጣሁ በኋላ ነው። ለሌሎቹ ሠራተኞች ትንሽ ትሻል ነበር፤ እኛ ግን ልብ አላልነውም። ኮርነሊያ «ወንድ ነው የምትፈራው» ብላ ወሰነችና ወንዶቹን ሠራተኞች በሙሉ ከዚያ ረድፍ አገደች።

በመስከረም መጨረሻ ኦክታቪያን የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ሰው ከላይኛው መንደር መጣ። በርሜሉ ውስጥ የሚያበሩትን ሁለት ዓይኖች ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና «እኔ ይቺን ነው የምፈልገው» አለ። ኮርነሊያ ግን በማሰሪያ ከሰው ጎን የማትሄድ ውሻ አትሰጥም። አንድ ጊዜ የሰጠችው ፈሪ ውሻ ገና በመጀመሪያው ቀን አጥር ዘልሎ ሐዲድ ላይ ተገኝቷል። ኦክታቪያን እስከ ቅዱስ ዲሚትሪ በዓል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሻ እወስዳለሁ ብሎ ሄደ። ለእኛ ደግሞ የሙራ መሄድ ግድ ነበር። ባለፈው ክረምት እንደ እሷ ያለች አንዲት ፈሪ ለመብላት እንኳ ከበርሜሏ መውጣት አቅቷት በውርጭ ደርቃ አግኝተናታል። አራት ሳምንት ነበረን።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት፣ ባሮን የምንለው ጥጃ የሚያህል ውሻ ልሳምሽ ብሎ ዘሎ ጭቃ ውስጥ ጣለኝ። ኮርነሊያ እየሮጠች መጥታ «አውልቂ እትዬ፣ ብርድ ይመታሻል!» አለችና ለውሾቹ መኝታ ከተሰበሰበው ጆንያ ውስጥ ነጭ አበባ ያለበት አረንጓዴ የቤት ቀሚስ አወጣች። እምቢ አልኩ። ቶአደር ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ከሌን አውልቄ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ለባል አንድ ዓመት ይበቃል፤ ቄሱም ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ሰው ሁሉ ታማኝ ሚስት ይለኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። «ለውሻ የመጣ ልብስ ለእኔ?» ብላት፣ «ውሾቹ ቅር አይላቸውም» አለችኝ። ጭቃ የያዘውን ሻሼንም ፈታሁት። ፀጉሬን ገልጬ፣ እንደ ተሸለተች በግ እያፈርኩ ሙራ ዘንድ ገባሁና ንቦች ክረምቱን እንዴት ተቃቅፈው እንደሚያሳልፉ የሚናገረውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ አንድ እርጥብ ነገር ክርኔን ነካኝ። ዝናብ መሰለኝ። ከዚያ እስትንፋስ ሰማሁ። ሙራ ነበረች። አምስት ወር ዓይኗን ብቻ ያየሁባት ሙራ አጠገቤ ቆማ ቀሚሱን ታሸታለች። ጉበቱን ከመዳፌ ላይ ስትወስድ ጥርሷ እንኳ አልነካኝም። በደስታ መዝለል ሲገባኝ ደነገጥኩ። ምክንያቱን ያን ጊዜውኑ አውቄዋለሁ፤ ላምነው ግን አልፈለግሁም።

አጋጣሚ ይሆናል ብዬ በማግስቱ ከሌን አጥቤ አድርቄ ለብሼ ገባሁ። ገና በሩን ስከፍት ሸናችና በርሜሏ ውስጥ ተወሸቀች። መኖ ቤት ገብቼ አበባውን ቀሚስ ለብሼ ተመለስኩ፤ እያነከሰች የምትመጣ አሮጊት ይመስል ቀስ ብላ ወጣችና እግሬ ሥር ተኛች። ኮርነሊያ ከሽቦው ውጪ ሆና ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እግዚአብሔር ያሳይሽ! አምስት ወር ሙሉ ጎረምሶቹን ሳባርር! ራሷ ከል ለብሳ የተፈጠረች፣ የሰው ከል ትፈራ?» አለች። ከዚያ ግን ፊቷ ጠቆረ። ኦክታቪያን የሚኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እናቱም ከእግር እስከ ራሷ ጥቁር ለባሽ ናት። «በዚህ አውራጃ ጥቁር ያልለበሰች አሮጊት ከወዴት አመጣላታለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጥቁር እዚህ እንደ አጥርና እንደ ዛፍ ሆኖብን ማንም አያየውም፤ ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። የገዛ ጀርባዬን ሰጥቻት አምስት ወር ሳስፈራራት የኖርኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከሉን እየቆረስን እናለማምዳት ጀመር። መጀመሪያ ጥቁር ሻሼን ጥግ ላይ አነጠፍኩና ጉበቱን አጠገቡ አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ጉበቱን ሻሹ ላይ አደረግኩ፤ አንገቷን እንደ ዝይ አስረዝማ ነጥቃ ሮጠች። ቀጥሎ ሻሹን ጉልበቴ ላይ፣ ቀጥሎ ትከሻዬ ላይ፣ ቀጥሎ ራሴ ላይ አደረግኩ። ስትንቀጠቀጥ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። አንድ ቀን ቸኩዬ ቀሚሱን አጥልቄው ገባሁና አራት ቀን የለፋንበትን አጠፋሁት። በመጨረሻው ሳምንት ግን ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሼ፣ በማሰሪያ ይዣት ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርን።

የቅዱስ ዲሚትሪ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ኦክታቪያን ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸውን እናቱን እማማ ፍሎአርያን ደግፎ መጣ። ሙራ ጥቁር የለበሱትን አሮጊትና ምርኩዛቸውን ስታይ ማሰሪያው እስኪወጠር ወደ ኋላ ሳበች። ኮርነሊያ ጥፍሯን ትበላለች። እማማ ግን ማንም ሳይነግራቸው ምርኩዙን ለልጃቸው ሰጡ፤ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ጎናቸውን ሰጥተው ተቀመጡና «እኔን ነው የምትፈሪ? ኧረ እንኳን ውሻ ዶሮም አይፈራኝ! ይሄን ጠይቂው» ብለው ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። ሙራ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በከሌ ውስጥ ዝም ብዬ ቆምኩላት። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ የአሮጊቷን የቀሚስ ጫፍ አሸተተች፤ ጉበቱንም ከእጃቸው ወሰደች። ኦክታቪያን ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ሲያለቅስ እንዳናየው ነው።

ያን ጊዜ ኮርነሊያ የከሉን ነገር ብትነግራቸው፣ እማማ ፍሎአርያ የሙራን ጆሮ እያሻሹ እንዲህ አሉኝ፦ «ልብሱ ምን ያደርጋል ልጄ፣ የለበሰችው ናት እንጂ ያደረገችው። ማን ትሆን? አሁን የት ተቀምጣ ይሆን?»

እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። የሙራን ነገር አላውቅም፤ ያንን ሌላ ሴት አድርጋዋለች። የግሪቬይን ግን አውቃለሁ።

ዶምኒካ፣ ወደ ጣሊያን ስትሄጂ አደራ ብለሽ የሰጠሽኝ ውሻሽ ግሪቬይ በእርጅና ከፕሪሙ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞተ ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ቶአደር የሞተ ዕለት ጠዋት ወይኑን ሊገርዝ ግሪቬይን አስከትሎ ወጣ። እኔ ለፋሲካ ግድግዳ ኖራ እየቀባሁ ነበር። ግሪቬይ ብቻውን እየሮጠ መጣ፤ ይጮኻል፣ ቀሚሴን ይዞ ይጎትታል፣ ወደ በሩ ሮጦ ይመለሳል። አዲስ የቀባሁትን በጭቃ አበላሸብኝ ብዬ በመጥረጊያ መታሁት፣ እንጨት ቤትም ቆለፍኩበት። ቶአደርን ከቀትር በኋላ ወይኑ መካከል ወድቆ ጎረቤት ነው ያገኘው። ሐኪሙ «ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስጨርሰው ኖሬያለሁ።

ከቀብሩ በኋላ ግሪቬይ ባየኝ ቁጥር በሆዱ ይሳባል። ከፍጥረት ሁሉ እሱ ብቻ ያውቃል፤ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። በአራተኛው ቀን ጠጠር ለሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ሰጥቼ ራቅ አድርገህ ጣለው አልኩት። ሰው አውቆ እንዳይመልሰው አንቺ ያሰርሽለትን ደወል ከአንገቱ ፈታሁ። ስፈታለት እጄን ላሰኝ። ከልብስ ሰፊዋ ቤት ገና የመጣ አዲስ ከል ለብሼ ነበር። ግሪቬይ ከቤቱ ሲወጣ በመጨረሻ ያያት ሴት ጥቁር ለብሳለች። እንግዲህ ክርኔ ሲረጥብ ለምን እንደ ደነገጥኩ ገባሽ።

ሙራ በኦክታቪያንና በእናቱ መካከል ሆና ስትሄድ ሻሼን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ሽታውን ለምዳዋለችና መኝታዋ ላይ አንጥፉላት አልኩ። ራሴን ገልጬ ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ስታንካ አጥሯ ላይ ተንጠልጥላ «ሳቬታ! ሻሽሽን ንፋስ ወሰደው ወይስ ባል አገኘሽ?» አለች። «ውሻ ወሰደችው» አልኳት። ጥቁር ቀሚሴን ግን አላወለቅሁትም፤ መጠለያው ውስጥ አንዲት ሌላ ፈሪ መጥታለች፣ እሷን ከጥቁር ለማለማመድ ይጠቅማል።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጫንሽም። ብትቆጪ ያንቺ ነው፤ ስልኩን ብትዘጊብኝም እችለዋለሁ። መስመሩ ተበላሸ ብለሽ ግን አትሸንግዪኝ፤ ተቆጥቻለሁ ብለሽ በአፍሽ ንገሪኝ።

ሳቢንን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ለሳሉ የፕሪሙን አረቄ ሳይሆን ሻዩን ይጠጣ በይው። ለሲኞራ አዳልጂዛ እጅ ነሥቻለሁ፤ ሳላያቸው እወዳቸዋለሁ። ራሉካን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ግሪቬይ በእርጅና ሞተ ብለሽ ነግረሻት እንደ ሆነ፣ እውነቱንና ማን እንዳደረገው ንገሪያት። ማንበብ የምትወድ ልጅ ናት፣ ትችለዋለች።

አሁን ጨርቁን ፍቺው። ደወሉ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዱቄት ሣጥን ውስጥ እንዳይጮኽ በጥጥ ጠቅጥቄው ነበር። ጥጡን ዛሬ ጠዋት አወጣሁት።

እህትሽ ሳቬታ

ቫሌያ ኑኩሉይ፣ ከቅዱስ ዲሚትሪ በዓል በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 28 ቀን 2014