ጋቢ ያለበስኩት ሪፎርመር

ሮማንዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከማን እሰማለሁ? ከተለየሽን አምስት ወር ከሦስት ሳምንት ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። አሁንም እያፈርኩ ነው የምጽፈው።

ቤቱ ደህና ነው። ማህሌት ዩኒቨርሲቲዋን ቀጥላለች፤ ጠዋት ማታቱ ታክሲ ልትጠብቅ ስትወጣ ያንቺን ጃኬት ነው የምትለብሰው። እኔም እንደ ድሮው ከሳውዝ ሲ ሰፈራችን ኤርፖርት ወዳለው ካርጎ ቢሮዬ እመላለሳለሁ። ሪፎርመርሽ፣ ያ የስፖርት ማሽንሽ፣ ሳሎን መስኮቱ ሥር፣ አንቺ ባቆምሽው ቦታ አለ። የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

ከሩንዳ ሰፈር በፒክአፕ ያመጣንበት ቀን ትዝ ይልሻል? ወደ አገሯ የምትመለስ የዲፕሎማት ሚስት ናት የለቀቀችልሽ። ፓርክላንድስ በሰው ስቱዲዮ ስታስተምሪ ቆይተሽ የራስሽ ማሽን ሲኖርሽ እንደ ልጅ ዘለልሽ። ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተተውን አልጋ፣ ከሥሩ የሚሰኩትን ባለ ቀለም ሞላዎች፣ እግር የሚገባበትን ጠፍር አንድ በአንድ አሳየሽኝ። እኔ ደግሞ ጎረቤት እንዳያይ በሩን ለመዝጋት እጣደፍ ነበር። ደረጃው ላይ ያገኘን ሰው ይሄ ምንድን ነው ሲለኝ አልጋ ነው አልኩት። ውሸቴ የጀመረው ያኔ ነው።

ምን አሳፈረኝ? ሚስቱ በጠባብ ሱሪ ወለል ላይ እየተንጋለለች ሰው ታስተምራለች እንዳይሉኝ። እዚህ ያለነው ኢትዮጵያውያን ማኅበር ጸሐፊ ነኛ! የመሰብሰቢያ ተራው እኛ ቤት በደረሰ ቁጥር ኳሶቹንና ሮለሩን መኝታ ቤት እወረውራለሁ፤ በጉልበት መሃል የሚጨመቀውን ትልቁን ቀለበት ከቁም ሳጥን ጀርባ እሸጉጣለሁ፤ ማሽኑ ላይ ጋቢ አነጥፍና ትራስ እደረድርበታለሁ። አንቺ ቆመሽ ታይኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተጣላሽኝም። ብትጣዪኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱው ማሽን ነው ደግሞ ወገቤን ያዳነኝ። ካርጎ ቤት ሳጥን ላንሳ ብዬ ወገቤ የተያዘ ጊዜ ሦስት ወር ሙሉ አስተኝተሽ አሠራሽኝ። ቀና ብዬ ስሄድ ያዩ የቢሮ ሰዎች ምን አገኘህ ሲሉኝ፣ አዲስ አበባ አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ አልኳቸው። ሁለቱማ ስልኩን ካልሰጠኸን ብለው መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። ይህን ስነግርሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ፤ እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ዛሬ አያስቀኝም።

በሁለት ቀን ሕመም ጥለሽን ስትሄጂ የሕይወት ታሪክሽን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከማኅበራችን ሰው ሲሞት ቀብር ላይ የሚነበበውን ማን እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ። ለሌላው የት ተወለደ፣ ምን ተማረ፣ የት የት ሠራ እያልኩ ዘመድ አድርቄ ነው የምጽፈው። ያንቺ ላይ ስደርስ ግን «በግል ሥራ ትተዳደር ነበር» ብዬ አለፍኩ። የዘጠኝ ዓመት ልፋትሽን በአራት ቃል።

ተማሪዎችሽ ከኋላ ቆመው ነበር። አማርኛ ስለማያውቁ ምን እንዳስቀረሁ አልሰሙም። ጎረቤታችን ማማ ሐሊማ፣ ዳሌዋ ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ ምርኩዝ ያስጣልሻት፣ ሳጥንሽን ይዛ «ምዋሊሙ፣ ምዋሊሙ» እያለች አለቀሰች። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ለምን አስተማሪ ትላታለች አሉኝ። እዚህ አገር ሰው ሲያከብሩ እንደዚያ ነው የሚሉት አልኳቸው። ሮማንዬ፣ ሬሳሽ ፊት ካድኩሽ።

ለቅሶ ቤት ደግሞ ወንበር አልበቃ ሲል ሰዎች ጋቢ የለበሰውን ነገር መደብ መስሏቸው ጎተቱት። ሞላዎቹ ተነቅለው ስለነበር ጋሽ ታደሰ ገና ሲቀመጡ ከሥራቸው ተንሸራቶ በጀርባቸው ዘረራቸው። ደግነቱ አልተጎዱም። ምንድን ነው ይሄ ሲሉ፣ የሕመምተኛ አልጋ ነው አልኩ። ማህሌት አጠገቤ ቆማ ትሰማኝ ነበር። ሰው ሲበተን፣ ዳዲ፣ የማሚን ቲቺንግ እኮ መጻፍ ረሳህ አለችኝ። እንዳልረሳሁ እያወቅሁ ወንበር መሰብሰብ ጀመርኩ።

ከአርባሽ በኋላ ማማ ሐሊማ መጥታ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ እንሥራ ብላ ለመነችኝ። አሁን ሦስት ሆነው ይመጣሉ። ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለበትን ካልሲያቸውን በር ላይ ያጠልቃሉ፤ ማህሌት ትቆጥርላቸዋለች፤ እኔ ኩሽና እሸሸጋለሁ። ባለፈው ሳምንት ማህሌት ለሐሊማ የትኛው ሞላ እንደሚሰካ ጠፍቷት ልምምዱን የምትመዘግቢበትን ደብተርሽን እንድፈልግ ላከችኝ። ከማሽኑ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሰጥተሻል። የሐሊማን ስፈልግ የራሴ ወጣ።

«ጌትሽ። ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ሲያመው አይናገርም፣ ፊቱን ማየት። ትራስ ከአንገቱ ሥር። ከመጀመራችን በፊት መጋረጃው ይዘጋ።»

ለሐሊማ ዳሌዋን፣ ለሌላዋ ትከሻዋን እንደጻፍሽ፣ የእኔን ሀፍረት ከወገቤ እኩል መዝግበሽ ስታስታምሚው ኖረሻል ለካ። ደብተሩን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሴቶቹ እያዩኝ አለቀስኩ። ሐሊማ «ፖሌ» ብላ አጽናንታኝ የጀመረችውን ቀጠለች።

ትናንት ሲጨርሱ እኔም ተኛሁበት። ማህሌት ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ ሰካችልኝ። መጋረጃውን ልዝጋልህ ስትለኝ ተይው አልኳት። ጋቢውን አጥቤ አጣጥፌ ቁም ሳጥን ከትቼዋለሁ።

የፊታችን እሑድ መንፈቅሽ ነው። ከሕይወት ታሪኳ ያስቀረሁት ነገር አለ፣ ላንብብ ብዬ ጋሽ ታደሰን አስፈቅጃለሁ። ምንድን ነው ያስቀረኸው ቢሉኝ እዚያው ይሰማሉ አልኳቸው። ማማ ሐሊማና ጓደኞቿ የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ማህሌት በስዋሂሊ ትነግራቸዋለች። የጻፍኩት ይኸውልሽ፦ «ሮማን የፒላቴስ አስተማሪ ነበረች። ዘጠኝ ዓመት ሳሎናችን ውስጥ የሰው ወገብ ስታቀና ኖረች። ካቀናቻቸውም አንዱ የእኔ ነው።»

በቀረኝ ዕድሜ ሚስትህ ምን ትሠራ ነበር ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። እሑድ ድምፄ ቢቆረጥ እንኳ ወረቀቱን ለማህሌት እሰጣታለሁ እንጂ ያቺን መስመር አልዘላትም።

ጌትሽ