እጅሽ ከባድ ነው ላልከኝ

ታዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፣ ጥቁሬንም ለውጫለሁ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም፤ ስለዚህ እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም።

መጀመሪያ የሸክላዎችህን ነገር ልንገርህ። ያረፍክ ዕለት ወንድምህ ግርማ ለቅሶ ቤት የሙዚቃ ዕቃ አይታይም ብሎ፣ ሳሎኑን ለለቀስተኛ ሲያስለቅቅ ማጫወቻውንም ሸክላዎቹንም ግቢ አወጣቸው። አቧራ እንዳይነካቸው ደግሞ ቆርቆሮ ደፋባቸው። በናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮ! እኔ ድንኳን ውስጥ ሳለቅስ እነሱ ውጭ ይበስሉ ነበር። ሰዉ ሲበተን ሄጄ ባነሣቸው እንደ ድርቆሽ ተጣመዋል። መርፌውን የሚይዘው የማጫወቻው ክንድም የእድሩ አግዳሚ ወንበር ተጭኖበት ተሰብሯል። ግርማ ዕቃ ነው፣ ይተካል አለኝ። ይቅርታ የምትል ቃል እስከ ዛሬ ከአፉ አልወጣችም።

የተረፈው አንድ ሸክላ ብቻ ነው፤ የሠርጋችን ዕለት የተጨፈረበት፣ አልጋ ሥር ሻንጣ ውስጥ የደበቅከው። እሱንም ለእኔ ሳትነግረኝ።

ልጃችን ሰናይት አዝናልኝ ቀይ ቦርሳ የመሰለ አዲስ ማጫወቻ ገዝታ መጣች። ክንዱን ብድግ ሳደርገው ክብደቱ አስደነገጠኝ፤ ያንን አንድ ሸክላ አርሶት ሊሄድ ነው። እንዳይከፋት ጉንጯን ስሜ ማጫወቻውን አስመለስኳት።

ከገበያው ጀርባ አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት አሮጌ ማጫወቻ አወጡልኝ። አንደኛው እንጨቱ ያብለጨልጫል፤ ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በእጄ ባሽከረክረው ይወዛወዛል። ሁለተኛው ተጫጭሯል፣ ክዳንም የለው፤ ግን ቀጥ ብሎ ይዞራል፣ ክንዱም ቀላል ነው። እሱን መረጥኩ። መርፌውን አስቀይሬ፣ ሳህኑን የሚያዞረውን ላስቲክም አዲስ አስገጠምኩ። ሽማግሌው ማን አስተማረሽ አሉኝ። ማን ያስተምረኛል? በር ላይ ቆሜ አንተን ሳይ ነው የለመድኩት። ጠጋ ስል "ተይ፣ እጅሽ ከባድ ነው" ትለኝ ነበራ! ልጅህን ያጠብኩበት እጅ፣ ስትታመም አንተን ያገላበጥኩበት እጅ! ያኔ ከበደኝ ብለህ ታውቃለህ?

ትናንት ቤቱን ዘግቼ መርፌውን ራሴ አሳረፍኩት። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። አልጫረም። ዘፈኑ ገባ፣ እኔም እየተሳደብኩብህ አለቀስኩ።

አልረሳህም ታዴ። እሑድ እሑድ እከፍተዋለሁ፤ በተከፈተ ቁጥርም እናደድብሃለሁ። እጄ ከባድ አልነበረም። ይህን ሳታውቅ ሄድክ።