ጠመንጃሽን የሚያስታውሱ ዘጠና ቀለሆች

ውድ ባለቤቴ አልማዝ፣

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ ጠመንጃሽ ከእንግዲህ የማይተኮስ መሆኑን ነው። በርሜሉ አርጅቷል ተብሎ ከአገልግሎት ወጥቷል። ይህን ካላወቅሽ የሚቀጥለው ሁሉ አይገባሽምና አስቀደምኩት። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ልማድ ነው፤ አንቺን ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? በሞት ከተለየሽን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

እዚህ ላፍቶ ከበረንዳችን ፊት ለፊት የነበረው ባዶ ቦታ አሁን ሕንፃ ወጥቶበታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትገባልን በሁለት ግድግዳ መካከል በቀረችው ክፍተት ብቻ ነው። እኔም ያቺን ሰዓት ጠብቄ፣ ያጠብኳቸውን ባዶ የጥይት ቀለሆች ሰፌድ ላይ ዘርግቼ አሰጣቸዋለሁ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው በረንዳው ሁሉ ቢጫ ይሆናል፤ ወንበሩ፣ እጄ፣ መነጽሬም ጭምር። አንዳንዴ የምን ቀን እንደሆነ ይጠፋኛል። ጎረቤታችን እታገኝ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ “ጋሼ ታደሰ፣ ዛሬም ወርቅ አሰጡ? ለልጄ ጥሎሽ የሚሆን ትንሽ አይዘግኑልኝም?” ትለኛለች። አንቺ ብትኖሪ መልስ አታጪላትም ነበር። እኔ ፈገግ ብዬ ሰፌዱን ወደ ፀሐይዋ እገፋለሁ።

ልጃችን ሰላማዊት አንቺ በነበርሽበት የዒላማ ተኩስ ክለብ መተኮስ ጀምራለች። ሌላ ጠመንጃ ተሰጥቷታል። እኔም ለአንቺ አደርገው እንደነበረው ቀለሆቹን ቤት አዘጋጅቼ፣ ባሩዱንና እርሳሱን ክለቡ ክፍል ውስጥ ኃላፊው እያየኝ እሞላላታለሁ። በሳጥንሽ የቀሩት ዘጠና ቀለሆች ነበሩ፤ ሁሉም በአንቺ ጠመንጃ የተተኮሱ።

እንደምታውቂው ቀለህ ሲተኮስ ይለጠጥና ጥይቱ የገባበትን የጠመንጃ ማጉረሻ ቅርጽ ይይዛል። እንደገና ከመሞላቱ በፊት ወይ አንገቱን ብቻ አጥብቦ ገላውን እንዳለ መተው ነው፣ ወይ ሙሉ ገላውን የብረት ፎርማ ውስጥ አስገብቶ መጭመቅ። አንገቱን ብቻ የነካሁት ቀለህ የሚስማማው ለቀድሞ ጠመንጃው ነው። ለአንቺ ሁልጊዜ ይህንን መረጥኩ፤ ጠመንጃሽ አንድ፣ ተኳሿም አንዲት ነበረችና። ዒላማሽ ላይ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው አንድ ሲመስሉ ያየሁት በዚያ መንገድ ነው።

ለመተኮስ ምንጣፉ ላይ በደረትሽ ከመተኛትሽ በፊት ሰዓትሽን አውልቀሽ ትሰጪኝ ነበር፤ ትክትኩ ጆሮዬ ይገባል እያልሽ። በግራ እጄ የእኔን፣ በቀኝ ኪሴ የአንቺን ሰዓት ይዤ ከኋላሽ እቆማለሁ። ሜዳው ጸጥ ይላል። ትንፋሽሽን ግማሹን አውጥተሽ ግማሹን ስታቆይው ሣሩም አብሮሽ የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ለቡ ካለው የተኩስ ሜዳ በሚኒባስ ስንመለስ ቀለሆቹ ጭኔ ላይ ሳጥን ውስጥ ይንሿሿሉ፤ አንቺ መስኮቱን ተደግፈሽ ታንቀላፊያለሽ።

ለሰላማዊትም አንገቱን ብቻ አጠበብኩ። ምክንያት ስትጠይቀኝ የቀለሁ ናስ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ ዒላማም ይመታል አልኳት። ያልኩት እውነት ነው፤ ለተመሳሳይ ጠመንጃ ከሆነ። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ ግን አልነገርኳትም። ለራሴም አልነገርኩት።

አሥር ጥይት ይዛ ለልምምድ ወጣች። የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልዘጋ እያላት በመዳፏ እየገፋች ዘጋችው፤ በገፋች ቁጥር ትከሻዋ ይናጋል። ቀዳዳዎቹ ወረቀቱ ላይ ተበታተኑ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ “አያያዝ ይስተካከል” ብዬ ጻፍኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳስተምር፣ ተማሪ ሲሳሳት ጥያቄው ትክክል መሆኑን አስቀድሜ አጣራ የነበርኩ ሰው፣ የልጄን እጅ ወቀስኩ።

ወደ ቤት ተመለስን። በር ስንከፍት፣ “አባዬ፣ አንተ የምታጎርሰው የእማዬን ጠመንጃ ነው። እኔ የያዝኩት ሌላ ነው” አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። የፊታችን ቅዳሜ ክለቡ ቡድኑን ይመርጣል፤ በዚህ ጥይት ከሄደች እንደማትመረጥ ሁለታችንም እናውቃለን። ካልተመረጠች ደግሞ መተኮሱን እንደምትተወው ነግራኛለች። ቀለሆቹን በመለኪያ ካሊፐሬ ለካኋቸው፤ ገላቸው ለእሷ ጠመንጃ ይሰፋል። ሳልለካም አውቀው ነበር።

ቢሆንም ፈተና ሳልሰጥ መወሰን አልቻልኩም። ሌላ ሠላሳ ቀለህ ወስጄ ሦስት ቦታ ከፈልኩ። የመጀመሪያዎቹን አንገታቸውን ብቻ፣ ሁለተኛዎቹን ሙሉ ገላቸውን እስከ ታች ተጭኜ፣ ሦስተኛዎቹን ደግሞ ሙሉ ገላቸውን፣ ግን ከአንገታቸው ሥር ያለው ትከሻቸው ከእሷ ጠመንጃ ልክ በጥቂቱ ብቻ እንዲያንስ አድርጌ፤ አንድ ሚሊሜትር ለሃያ ተከፍሎ አንዱን እጅ ያህል። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግራት ማክሰኞ ተኮሰች። የመጀመሪያዎቹን ወዲያው ለየቻቸው። “እነዚህስ አሁንም እማዬን ይፈልጋሉ” ብላ ሳቀች።

ልንገርሽ፤ ቀዳዳዎቹ በመጀመሪያዎቹ እንዲጠጋጉ በልቤ ተመኝቼ ነበር። ወረቀቱ ግን እንደ ፈተና ወረቀት ነው፣ አያዳላም። ከሁሉም የበለጡት ሦስተኛዎቹ ሆኑ፤ መቀርቀሪያው በአንድ ጣት ተዘጋ፤ አሥሩም ቀዳዳ በአንድ ሳንቲም ይሸፈናል።

ለሙከራና ለምርጫው ዘጠናውም ቀለህ ያስፈልጋታል። አርባዎቹ በእሷ ጠመንጃ ተተኩሰዋል፤ ሃምሳዎቹ ግን ገና ያልተነኩ፣ የአንቺን ማጉረሻ ቅርጽ እንደያዙ ነበሩ። ትናንት ፀሐይዋ በክፍተቷ ስትገባ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አንዱን ዘይት እየቀባሁ ፎርማው ውስጥ አስገብቼ የመጭመቂያውን እጀታ ሳብኩ። ቀለሁ መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ይለቃል። እምቢ የሚልበትን ቅጽበት እጄ ላይ ረዘም አድርጌ አቆየሁት። ሃያኛው ላይ ስደርስ ከጎኔ ተቀምጠሽ የምትቆጥሪ መሰለኝ፤ ሳልዞር ቀጠልኩ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ወጥቶ እስኪጠፋ ጨረስኩ። አንድም አላስቀረሁም። አንዱን ባስቀር ለሰላማዊት አንድ ጥይት አጎድልባታለሁ ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ አንቺም አትወጂውም።

አንቺን ለማስታወስ ናስ አያስፈልገኝም። የግማሽ ትንፋሽሽን ርዝመት አውቀዋለሁ። መስኮት ላይ ተደግፈሽ ስታንቀላፊ ከንፈርሽ እንዴት እንደሚከፈት አውቀዋለሁ። እነዚህን እስካለሁ ድረስ አልረሳም፤ ሰላማዊትም ስትጠይቀኝ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በሕልሜ ስትመጪ ሁልጊዜ ምንጣፉ ላይ ተኝተሽ፣ ፊትሽን ወደ ዒላማው አድርገሽ ነው። ከኋላሽ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ትተኩሺያለሽ፣ አትዞሪም። ያደረግሁትን እንዳልተቀየምሽ በቃል ባትነግሪኝም፣ ካየሽኝ ይገባኛል። አንዴ ብቻ ዞር በይና እዪኝ። ምርጫው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እባክሽ ከዚያ በፊት ቶሎ መልሽልኝ።

ባልሽ
ታደሰ