«ዕውር አላራባም» ያሉት የአቶ ሀብቴ ይመር የሕይወት ታሪክ

ለቅሶ ለመድረስ የተሰበሰባችሁ ወገኖች ሁሉ፣ አቶ ሀብቴ ይመር ውሻ እንደነበራቸው በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። በወረዳችን በሀብሩ ውሻ የሌለው ግቢ እንደሌለ እናውቃለን፤ ነገሩ ግን ከዚሁ ይጀምራል።

አቶ ሀብቴ ከአባታቸው ከአቶ ይመር ሙሔና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺ አበጋዝ፣ ግራና አካባቢ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። መርሳ ላይ ስምንተኛ ክፍልን አጠናቀው በ1969 ዓ.ም. በእንስሳት ጤና ረዳትነት ተቀጠሩ። እስከ ጡረታቸው እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያልከተቡት በሬ ካለ፣ ሮጦ ያመለጠ ብቻ ነው።

በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰለፈች ጋር በተክሊል ተጋብተው ያሬድን፣ ሃናንና ቃልኪዳንን ወልደዋል። ጋብቻው የተፈቀደው ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነበር። አቶ ሀብቴ ይህን ሥርዓት እጅግ ወደዱት። ለውሾቻቸውም አዋሉት።

ደብተር ገዝተው የእያንዳንዱን ውሻ ዘር እስከ ሰባት ቤት ጻፉ። ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ዓይኑ በባትሪ ያልታየ፣ ዳሌው ያልተመረመረ ወንድ ከሴቷ ውሻቸው ከሻሼ አይደርስም። «የሰውን ሥርዓት ለውሻ?» ተብለው ቢወቀሱ፣ «እሱስ የሰው በግ አይደለም የሚጠብቀው?» ብለው መለሱ።

በ2011 ዓ.ም. ሻሼን የዳሌ ራጅ ለማስነሣት ወደ ወልድያ ሆስፒታል ወሰዷት። ሚኒባሱ «ውሻ አልጭንም» ሲል ጎረቤታቸው አብዱልጀሊል በባጃጁ አደረሳቸው፤ በእስልምናው ውሻ የነካውን ሰባት ጊዜ ማጠብ ግድ ሊሆንበት። «ጋሼ ሀብቴ፣ የኔ ሰባት እጥበት ካንቱ ሰባት ቤት ይቀላል» አላቸው። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ የታካሚ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ጠየቀች። በዚያን ቀን ከመጡት ታካሚዎች ሁሉ ያለማመንታት እስከ ሰባት ቤት የተመዘገበችው ሻሼ ብቻ ናት።

ጠቡ የመጣው በዕድራችን ሊቀመንበር ዳኛ በሚባለው በአቶ ንጉሴ ውሻ ነው። ዳኛ ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ፣ አገሩ ሁሉ ቡችላውን የሚመኝለት ነበር። አቶ ሀብቴ ግን ከልጆቹ ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው መታወራቸውን ከደብተራቸው አንብበው ሻሼን ከለከሉ። አቶ ንጉሴ በዕድሩ ስብሰባ ተነሥተው፣ «የቤቴን ስም ነው ያጠፋኸው! ከዕድር ውጣና ማን እንደሚቀብርህ እናያለን» አሉ። አቶ ሀብቴም ቆመው፣

«አትቅበሩኝ። ዕውር ግን አላራባም» አሉና ተቀመጡ።

ስማቸው ተሰረዘ። ሌላው ሁሉ ሴት ውሻውን ለዳኛ ሰጠ።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሀብሩ ሲደርስ ሰው ሸሸ፤ እርሳቸው ቀሩ። ታጣቂዎች ቤቱን ሲፈትሹ ደብተሩን አግኝተው፣ «ይህ የማን ስም ዝርዝር ነው?» አሏቸው። አፈሙዝ ፊት ቆመው የሻሼን ዘር በቃላቸው አወረዱት። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ አለቃው «በቃ፣ አባት፣ በቃ» ብሎ ደብተሩን መለሰላቸው።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሰው ሲመለስ የዳኛ ልጆች ግድግዳ እየታከኩ ይሄዱ ነበር። ዕድሩ ተሰብስቦ ያሳወራቸው የከባድ መሣሪያ ድምፅ እንደሆነ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ያንኑ ድምፅ አብራ የሰማችው ሻሼ ዝንብ ከአየር ላይ ትቀልብ ነበር። አቶ ሀብቴ «ጦርነቱ ብዙ በደል አለበት። ይህን ግን እሱ አልሠራም» ቢሉም ሰሚ አላገኙም።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐምሌ 14 ቀን 2014 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ሻሼን ትተዋል። እርሳቸው ሁሉን መርምረው ኖሩ፤ እግዚአብሔር ግን ነፍሳቸውን ሳይመረምር ይቀበልልን።

ይህ ከተጻፈ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት አቶ ንጉሴ የዕድሩን ድንኳን አስይዘው መጡ። ስለ ተሰረዘው ስም ማንም አላነሣም። የዳኛንም የመጨረሻ ልጅ በገመድ እየሳቡ አምጥተው፣ «አሰለፈችን ይጠብቃት፤ ጤነኛ ዘር ነው» አሉ። ቡችላው የተወለደው ጥር ላይ ነው፤ የጥይት ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

ገመዱን ለቀቁለት። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከድንኳኑ ምሰሶ ተላተመ። ወደ ኋላ ወድቆ ተነሣና እንደገና ተላተመ።

አቶ ንጉሴ ቡችላውን አንሥተው አቀፉትና ወ/ሮ አሰለፈችን፣ «ደብተሩ የት ነው?» ብለው ጠየቁ።