ጋራዥ ሲገባ ስለሚድነው አውቶቡስ

ለክቡር ሚስተር ደርዊን ስቶክዴል
የሎንግግራስ አውቶቡስ ኩባንያ የጥገና ዋና ኃላፊ
ዊኒፔግ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ቢሮዎ የሞቀ፣ ወንበርዎም በአራቱም እግሮቹ እኩል የቆመ እንዲሆን እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት የጨመርኩት ለማሳመር አይደለም፤ እኛ የፖፕላር ፎርክ ነዋሪዎች ከኖቬምበር ወዲህ ሳያጋድል የቆመ ነገር ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከኩባንያዎ አውቶቡስ ስለተማርን ነው።

እኔ የከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ረዳት ነኝ። ሥራዬ መጻሕፍትን ወደየቦታቸው መመለስ፣ ሰዎች የጠየቁትን ማፈላለግ፣ እንዲሁም ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቆሞ የሚያድረውን ቁጥር 418 አውቶቡስዎን ወድጄም ሆነ ሳልወድ መመልከት ነው። ጉዳዩን በጋዜጣ ማውጣቴ ቀደም ሲል በግል የላክሁልዎትን አራት ደብዳቤዎች ችላ ስላሉ አይደለም፤ እንዲያውም ቢሮዎ ለአራቱም እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ አንድ ዓይነት የሆነ መልስ በመስጠት፣ አንዱን ጥያቄ ከሌላው እንደማያበላልጥ አስመስክሯል።

በመጪው ሐሙስ ሾፌራችን ሚስተር ኦረስት ሃውሪሉክ በኩባንያዎ የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት ይቀርባሉ። በዚህ መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተዋል፤ ክሱ ከጸና ይሰናበታሉ። ክሱም ጃንዋሪ 9 ቀን የአውቶቡሱን ሦስተኛ አክስል፣ ማለትም የኋለኛውን የጎማ ዘንግ፣ እንዳነሡ በሙሉ ፍጥነት በመንዳታቸው፣ የኋላው ክብደት በሙሉ በሁለተኛው አክስል ላይ አርፎ ጎማ እንዲፈነዳ አድርገዋል የሚል ነው። የፈነዳ ጎማ ይዘው ሠላሳ አራት ተሳፋሪ አንድም ሰው ሳይቧጨር ዳር ማስያዛቸውን የክሱ ወረቀት ሳይጠቅሰው ያለፈው ቦታ ስላነሰው መሆን አለበት። እርሳቸው አክስሉን አውርጃለሁ ይላሉ። እኔም አውርደዋል እላለሁ፤ አልወርድም ያለው አክስሉ ነው።

እርስዎ የሚያውቁትን ለጎረቤቶቼ ስል ልድገመው። ይህ አውቶቡስ የተቀመጠው በብረት ስፕሪንግ ላይ ሳይሆን አየር በተሞሉ የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው። ከኋላ ጫፍ ያለው ሦስተኛ አክስል ሸክም ያግዛል እንጂ አይነዳም። መንገዱ በረዶ ሲሆን ሾፌሩ በእርምጃ ፍጥነት እየሄደ ቁልፍ ይጫንና አክስሉን ለአፍታ ያነሣዋል፤ ክብደቱ ወደሚነዱት ጎማዎች ይዞራል፣ እነርሱም መሬቱን ቆንጥጠው ዳገቱን ያወጡታል። ዳገቱ ሲያልቅ ሾፌሩ ቁልፉን ይመልሳል፣ አየሩ ተመልሶ ይገባል፣ አክስሉም ይወርዳል። መውረድ ይገባዋል።

እንግዲህ ከኩባንያዎ ያገኘናቸውን ውለታዎች በቁጥር ልዘርዝር።

፩. በጋራዣችሁ በር ላይ «መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይታይ» የሚል ጽሑፍ መሰቀሉን ሰምቻለሁ። የመካኒክን ጣት ከብርድ የሚጠብቅ ሥርዓት የሚመሰገን ነው። ሚስተር ሃውሪሉክ ዘጠኝ ጊዜ «ብርድ ባደረ ቁጥር ወደ ቀኝ ያጋድላል፣ ሦስተኛው አክስልም ተነሥቶ ይቀራል» ብለው በጽሑፍ አመልክተዋል። ዘጠኝ ጊዜም አውቶቡሱ ወደ ሞቃቱ ጋራዥ ገብቶ፣ በረዶው በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ መካኒኮቹ ምሳቸውን እስኪጨርሱ ቆሞ፣ ከዚያ በኋላ ተመርምሮ «ጉድለት አልተገኘም» ከሚል ወረቀት ጋር ተመልሷል። የአየር ቱቦዎቹ በሳሙና ውሃ ተቀብተው አረፋ ተፈልጎ እንደታጣም ተጽፏል። አረፋ አይገኝም፤ ቱቦው አየር አያፈስምና። ችግሩ ወደ ውስጥ የገባ ውሃ ነው፤ እርሱም አየሩን በሚከፍተውና በሚዘጋው ቫልቭ ውስጥ በብርድ ይረጋል፣ በሙቀት ይቀልጣል። እኔ ከዚህ በፊት በሽተኛውን ሳይመረምር የሚያድን ሐኪም ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አድኖ ሲያበቃ «በሽተኛው ዋሽቷል» ብሎ የሚጽፍ ግን ከናንተ ጋራዥ ውጭ የሚገኝ አይመስለኝም።

ስልክ ደውዬም ነበር። የመካኒኮቹ አለቃ ሚስተር ክሌይተን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «እቴ፣ መጥተሽ ብታዪው እኮ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆሟል! ጠማማው የናንተ ከተማ መሬት ነው» አሉኝ። አስተያየታቸውን በክብር ተቀብዬ ውሃ ልክ ተዋስኩና መሬቱን ለካሁት። መሬቱ ምንም አልሆነም።

፪. ውሃ ልኩ እጄ ከገባ በኋላ መለካቱን አልተውኩም። ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ዛሬ፣ አርባ አንድ ጠዋት፣ ከልጆች ክፍል ባመጣሁት የእንጨት ሜትር ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ያለውን ከፍታ በግራም በቀኝም ለክቼ መዝግቤያለሁ። ብርዱ ቀለል ባለባቸው ጠዋቶች ሁለቱ ጎኖች እኩል ናቸው። ከዜሮ በታች ከሃያ አምስት በወረደባቸው ሃያ ሦስት ጠዋቶች ግን ቀኙ ከግራው በአማካይ በሰባት ሴንቲ ሜትር ያንሳል። በእነዚሁ ሃያ ሦስት ጠዋቶች ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት አክስሉን አንሥቶ ሲያወርድ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በየሳምንቱ ለሕክምና ወደ ዊኒፔግ የሚሄዱት ወይዘሮ ኦቲሊ ፍሪዘን ግን ሜትር አላስፈለጋቸውም። የሹራብ ክራቸው ኳስ በግራ ወንበር ከተቀመጠበት ወድቆ በቀኝ መስኮት ሥር ይገኛል። «አይዞሽ ልጄ፣ ወደ ቀኝ እስከተንከባለለ ድረስ ሰላም ነው» ብለውኛል፤ «ወደ ግራ የዞረ ቀን ግን ተገልብጠናል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ክሩን አንቺ ፈልጊልኝ።»

፫. አክስሉ መነሣቱን ለሾፌሩ የምታሳውቀው ትንሽ መብራት የምትከተለው ቁልፉን እንጂ አክስሉን አይደለም። ቁልፉ ሲመለስ ትጠፋለች፤ አክስሉ ደመና ላይ ቢሆንም ትጠፋለች። ሚስተር ሃውሪሉክ በዚያ ቀን ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን ዳገት እንደወጡ ቁልፉን መለሱ፣ መብራቷም ጠፋች። እየነዱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የራሳቸውን አውቶቡስ ሥር ባለማየታቸው ጥፋተኛ ከሆኑ፣ ቅጣቱ በእርግጥ ይገባቸዋል።

፬. አየሩ ከረጢቶቹ ጋ ከመድረሱ በፊት ውሃውን የሚያስቀርለት ማድረቂያ አለ፤ ማጣሪያውም በየዓመቱ ብርድ ከመግባቱ በፊት ይቀየራል። በሾፌሩ ፈቃድ በረዶው ላይ በጀርባዬ ተኝቼ የተለጠፈበትን ወረቀት አነበብኩ። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ከሥሩ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «በሚቀጥለው ዓመት ይቀየር» ተብሏል። ከዚያ ወዲህ ሦስት የሚቀጥሉ ዓመታት አልፈዋል፤ የትኛው ማለታቸው እንደነበር ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።

፭. ከጃንዋሪ 10 ጀምሮ ሚስተር ሃውሪሉክ ታግደው፣ በምትካቸው ሚስተር ትሬንት የሚባል ጠንቃቃና ትሑት ወጣት ሾፌር ልካችሁልናል። ስለ እርሱ ከልብ እናመሰግናለን፤ ምክንያቱም በእርሱም እጅ፣ በአሥራ አንድ ብርዳማ ጠዋቶች ውስጥ፣ አክስሉ ዘጠኝ ጊዜ ተነሥቶ ቀርቷል። በዚያን ሰዓት ሚስተር ሃውሪሉክ በወጥ ቤታቸው ቆመው ፔሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ በሽንኩርት እየጠበሱ እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። ከምጣድ አጠገብ ሆነው ሦስት መንገድ ማዶ ያለ አክስል የሚያነሡ ከሆነ፣ ኩባንያው እንዲህ ያለውን ሰው ከማሰናበት ይልቅ አስተማሪ ሊያደርገው በተገባ ነበር።

ሚስተር ትሬንት በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮው ቀልቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገባና «እህቴ፣ እባክሽ ሽማግሌው ምን ነበር የሚያደርጉት?» ሲል ጠየቀኝ። ሚስተር ሃውሪሉክ ያደርጉ የነበረው፣ ከሥር ገብተው የረጋውን ቫልቭ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ነበር። የአውቶቡሱን ማስነሻ ቁልፍ ያስረከቡ ቀን መዶሻዋን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ ለሚመጣው ሰው ስጪው፣ ብርድ ላይ እንዳይቀር፤ እኔ እንደሆን ጨርሻለሁ» ብለውኛል። እኔም መዶሻዋን እንደ ማንኛውም ንብረታችን ቁጥር ሰጥቼ በካርድ መዝግቤያታለሁ። እስካሁን ዘጠኝ ጊዜ ተውሳለች፤ ዘጠኝ ጊዜም በሰዓቱ ተመልሳለች። አንድ ሰው ስለ ራሱ «ጨርሻለሁ» ሲል መስማት ግን ከአውቶቡስም ይልቅ የሚከብድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህ ደብዳቤም የተጻፈው ስለዚሁ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። የሐሙሱ ጉባኤ ወደ ፖፕላር ፎርክ ይዛወር። እርስዎና የጉባኤው አባላት ረቡዕ ማታ በ418 ይምጡ፤ ለምቾትዎ በግራ በኩል ባይቀመጡ ይሻላል፣ ሌሊቱን ደግሞ አውቶቡሱ እንደወትሮው ውጭ ይደር። የአየር ትንበያው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ይላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚስተር ክሌይተን በገዛ እጃቸው አክስሉን ያንሡትና ያውርዱት። ከወረደ በዚሁ ጋዜጣ፣ በዚሁ ገጽ፣ ስሜን ጠቅሼ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልወረደ ግን ጉባኤው እዚያው በረዶው ላይ ሳይበተን፣ የሚስተር ሃውሪሉክ ቁልፍ እጃቸው ላይ ይመለስ። ወፍራም ካልሲ እንዳይረሱ። የንባብ ክፍላችን ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ሥርዓታችን ከናንተ ይለያል፣ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይታያል፣ ከዚያ ይሞቃል።

ዘጠኝ ጊዜ ላለማግኘት ለደከማችሁት ድካም፣ ለአራቱ መንትያ መልሶችዎና ለማያልቀው ትዕግሥታችን ያለኝን ምስጋና እየደጋገምኩ፣ በቀሪው የብርድ ወቅት ከእግርዎ ሥር ያለው ወለል ሁሉ በውሃ ልክ የተስተካከለ እንዲሆንልዎ የምትመኝ፣

በፍጹም አክብሮት፣
ሲግሩን ማግኑሰን
የፖፕላር ፎርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ረዳትና የመዶሻዋ ጊዜያዊ ባለአደራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን የተማርኩት ከዚህ አውቶቡስ የጥገና መመሪያ ነው። መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍት ልውውጥ የመጣልን ከኩባንያዎ የሥልጠና ክፍል ሲሆን፣ ማኅተማችሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ገጾቹ ከማተሚያ ቤት እንደወጡ ተጣብቀው ስለነበር በወረቀት መቁረጫ አላቀቅኋቸው። በገጽ 212፣ በጥቁር ሣጥን ውስጥ፣ «በብርድ የሚታይ ጉድለት በብርድ ይመርመር፤ ተሽከርካሪውን አስቀድመው አያሙቁ» ይላል፤ እንዳይቸገሩ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ሐሙስ በእጅዎ አስረክብዎታለሁ። በውሰት ካርዱ መሠረት በስምንት ዓመት ውስጥ ከኩባንያዎ ሠራተኞች መካከል ይህን መጽሐፍ ለማንበብ የጠየቀ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኖቬምበር 14 ቀን በእኛ ቤተ መጻሕፍት የተሞላው የጥያቄ ወረቀት «ኦ. ሃውሪሉክ፣ ሾፌር» ይላል። መጽሐፉ የደረሰው እርሳቸው በታገዱ በሦስተኛው ቀን ነው።